መዝገቡ በማን እጅ ነው? የአካባቢ ፍትሕና የድጋፍ ገንዘብ ታሪክ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የተበከለ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች የድጋፍ ገንዘብ ማመልከቻ እንዳዘጋጅላቸው ጠየቁኝ። ቅጹ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ የሦስት ዓመት ሒሳብ ይጠይቅ ነበር። እነርሱ የነበራቸው ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የፈረሙበት የእድራቸው መዝገብ ነው። ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ ብክለቱን የሚሸከመው ሕዝብ መፍትሔውን ራሱ እንዲመራ ገንዘብ የሚሰጠው መቼና ለምንድን ነው? ዛሬ መልሱን የምፈልገው ጉዳዩ በሰነድ ደረጃ በደረጃ ከተመዘገበበት ከአሜሪካ ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1978 በሰሜን ካሮላይና አውራ ጎዳናዎች ዳር ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ያለበት ዘይት በስውር ተደፋ። የግዛቱ መንግሥት የተበከለውን አፈር አብዛኛው ነዋሪ ጥቁርና ድኻ በሆነበት በዋረን ካውንቲ ሊቀብረው ወሰነ። በ1982 ነዋሪዎች መንገድ ላይ ተኝተው የጭነት መኪኖቹን ለማገድ ሞከሩ፤ ከ500 በላይ ሰዎች ታሰሩ። አፈሩ ግን ተቀበረ።

ተሸነፉ፤ ጥያቄያቸው ግን አልተቀበረም። በ1983 የፌዴራሉ መንግሥት የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በደቡብ ምሥራቅ ካሉ አራት ትልልቅ የአደገኛ ቆሻሻ መቅበሪያዎች ሦስቱ ጥቁሮች በሚበዙባቸው አካባቢዎች መሆናቸውን ገለጸ። በ1987 የተባበረችው የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ያስጠናችው አገር አቀፍ ጥናት፣ የቆሻሻ ማስወገጃ የት እንደሚገኝ ከሁሉ አብልጦ የሚያመለክተው የነዋሪው ዘር መሆኑን አሳየ። በየካቲት 1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የአካባቢ ፍትሕን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዴታ የሚያደርግ ትእዛዝ ፈረሙ። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲውም በዚያው ዓመት ለማኅበረሰብ ድርጅቶች አነስተኛ የድጋፍ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። እንግዲህ እስራቱ ገንዘቡን በ12 ዓመት ይቀድመዋል።

አነስተኛ ገንዘብ ምን ይሠራል? በደቡብ ካሮላይና በስፓርታንበርግ ከተማ የተዘጋ የማዳበሪያ ፋብሪካና አሮጌ የቆሻሻ መጣያ ጎረቤት የሆኑ ሰዎች በሃሮልድ ሚቸል መሪነት ሪጄነሲስ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ከኤጀንሲው ያገኙት 20,000 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ አንድ ሔክታር እንኳ አያጸዳም። የጠቀማቸው ከከተማው፣ ከኩባንያዎቹና ከመንግሥት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ለመቀመጥ የሚያበቃ አቅም ስለ ሰጣቸው ነው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ዓመታት ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወደ አካባቢው መጣ፤ መሬቱ ጸዳ፣ ቤቶችና የጤና ማእከል ተሠሩ።

ተቃራኒውን ክርክርም በቀላሉ የማልፈው አይደለም። የድጋፍ ገንዘብ ታጋዩን ሪፖርት ጸሐፊ ያደርገዋል የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሰጪው መንሣትም መቻሉ ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ለዚህ ዓላማ 3 ቢሊዮን ዶላር መደበ። በጥር 2025 አዲሱ አስተዳደር የ1994ቱን ትእዛዝ ሻረ፤ በዚያው ዓመት ቃል የተገባላቸው ብዙ ፕሮጀክቶች ተሰረዙ።

ታዲያ ምን ይቀራል? ወደ ዋረን እንመለስ። ነዋሪዎቹ ከተሸነፉ በኋላ አልተበተኑም። ተወካዮቻቸው ከመንግሥት ጋር በተቀመጡበት የጋራ ኮሚቴ ውስጥ የራሱ የሳይንስ አማካሪዎች ያሉት ክርክር አካሄዱ፤ 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የመንግሥት ገንዘብ ወጥቶም አፈሩ በ2003 ከመርዙ ጸዳ። ሃያ ዓመት የጠበቀው ገንዘብ ሳይሆን የተደራጀ ሕዝብ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ ሆይ፣ የአንድን ፕሮጀክት ሰነድ ስትመረምሩ የገንዘቡን መጠን ብቻ አትቍጠሩ። ችግሩን ማን ሰየመው? ወጪውን ማን ወሰነ? ገንዘቡ ሲያልቅ ማን ቀረ? ብላችሁ ጠይቁ። ያ የወንዝ ዳር እድር ዛሬም በየወሩ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ የመዝገቡን ቅጂ ከማመልከቻው ጋር አያይዤ ለመሟገት አልደፈርኩም፤ ዛሬ ብሆን አያይዘው ነበር።