አራርቆ የመውለድ ታሪክ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች

አራርቆ መውለድ በቅርቡ ከውጭ የገባ አሳብ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። የቦረናን የገዳ ሥርዓት የመረመረ ሰው ግን በዚህ አይስማማም። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ እያንዳንዱ እርከን በ8 ዓመት የሚሰላው ይህ ሥርዓት የአባትና የልጅን መደብ በ40 ዓመት ያራርቃል። ራባ በተባለው እርከን የሚገኝ ወንድ ማግባት ይችላል፤ የአባትነቱ ሥርዓት እስኪፈጸምለት ድረስ ግን በጥንቱ ሕግ ልጅ ማሳደግ አይፈቀድለትም ነበር። ከዚያ በፊት የተወለደ ሕፃን ይጣል ወይም ለሌላ ወገን ይሰጥ ነበር። እንግዲህ ኅብረተሰቡ ወሊድን መገደብ ያውቅ ነበር። ሆኖም ሥርዓቱ የቆመው በወንዱ ማዕረግ ላይ እንጂ በሴቲቱ ጤንነት ላይ ስላልነበረ፣ ዕዳውን የሚከፍሉት እናትና ሕፃን ነበሩ።

የእናቶቹ የራሳቸው ዘዴ ጡት ማጥባት ነበር። ቅዱስ ቁርኣንም ሁለት ሙሉ ዓመት ማጥባትን ያወሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይቆይ ሲል የሰጠው ምክር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ማጥባት ብቻውን አስተማማኝ የሚሆነው ሕፃኑ ከጡት በቀር ሌላ በማይቀምስባቸው የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው።

ዘመናዊው አገልግሎት ሲመጣ በመጀመሪያ የገጠመው መሰናክል ሕግ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ለሕዝብ ማስተዋወቅን ይከለክል ነበር። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራውን የጀመረው በዚህ ሕግ ሥር ነው። ሁለተኛው መሰናክል የባል ፈቃድ ነበር። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1982 የባልን ፈቃድ መጠየቁን ሲያስቀር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የተገልጋዮቹ ቁጥር 26 በመቶ ከፍ አለ። ከዚህ የምንረዳው ሴቶቹ ፍላጎት ያጡ ሳይሆኑ በር የተዘጋባቸው መሆናቸውን ነው።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ፣ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ፣ የመከላከያ ተጠቃሚዎችንም ከ4 ወደ 44 በመቶ ለማድረስ አቀደ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያገኘው ውጤት 4.6 ልጅና 36 በመቶ ነው። ዕድገቱ የሚናቅ አይደለም፤ እኩል ግን አልተዳረሰም። በዚያው ጥናት በዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት ያገቡ ሴቶች በኦሮሚያ ወደ 28 በመቶ ሲጠጉ፣ በሶማሌ ክልል ከ2 በመቶ በታች ነበሩ። ነገሌ፣ ፊልቱና ሞያሌ የሚገኙት እነዚህ ሁለት ክልሎች በሚዋሰኑበት ቆላ ነው።

ልዩነቱን በሃይማኖትና በባህል ብቻ መተርጎም ይቀላል። የመሐንዲስ ዓይን ግን ርቀትንም ይመለከታል። በአገራችን እጅግ የተለመደው መከላከያ በየሦስት ወሩ የሚወሰደው መርፌ ነው። በድርቅ ወራት ከከብቶቿ ጋር ውኃ ፍለጋ የምትጓዝ ሴት ቀጠሮዋን ለመጠበቅ ትቸገራለች። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የሦስት ዓመት መከላከያ እንዲሰጡ መደረጉ ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ትልቅ ነገር ነው፤ ጤና ኬላው እርስዋ በምትደርስበት ስፍራ ከተሠራ ማለት ነው።

ነገሌ የውኃን ነገር በታሪኳ ታውቀዋለች። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በከተማይቱ የሰፈረው ጦር ካመፀባቸው ምክንያቶች አንዱ የውኃ ፓምፕ መበላሸት ነበር። የወታደሩ ጥማት ወዲያው ተሰማ፤ እንስራ አዝላ የምትመላለሰዋ እናት ጥማትና ድካም ግን በታሪክ መጽሐፍ አልተመዘገበም። ውኃ በሩቅ በሚቀዳበት ቤት ልጅ የሥራ ረዳት ነው፤ ሕፃናት በሚሞቱበት ቤትም ብዙ መውለድ ዋስትና ነው። ስለዚህ በቆላው ምድር ጕድጓድ የሚቆፍር፣ መንገድ የሚቀይስና ጤና ኬላ የሚሠራ ባለሙያ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ አራርቆ በመውለድ ጕዳይ ላይ ድርሻ አለው። የኬላውን ቦታ ከመምረጡ በፊት ሴቶቹ በየትኛው ወር በየት እንደሚያልፉ ቢጠይቅ፣ የሙያውን ግዴታ ተወጣ ይባላል።