ቁጥር የተነፈገው ጠገራ

አያቴ ካረፉ በኋላ ከሙዳያቸው ወጥቶ ለእኔ የደረሰኝ አንድ ጠገራ ብር ነው። በሕይወት ሳሉ ከአንገታቸው አይለይም ነበር፤ ከዳር ተበስቶ ጥቁር ክር ገብቶበታል። በየዓመት በዓሉ ዋዜማ በአመድና በሎሚ ያሹት ስለነበር የማርያ ቴሬዛ ጉንጭ ሟሙቷል፤ የደረቷም ዕንቁ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል።

እኔ በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር ሰው ነኝ። ደኅናውን ብር ከተቀደደው፣ ንጹሑን ካደፈው ስለይ እውላለሁ። በውጭ አገር የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ ለእረፍት መጥቶ ጠገራውን ቢያይ፣ «ይህን ልውሰድና ላስመርምረው፤ ቁጥር ከተሰጠው ዋጋው ሌላ ነው» አለኝ። ቁጥር ያለው ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበርና ማንበብ ያዝሁ። ውድ አንባብያን፣ ያገኘሁትን ታሪክ እነሆ።

ነገሩ የሚጀምረው እምነት ከማጣት ነው። ሳንቲም ሰብሳቢ የሚገዛው ብሩን ወይም ወርቁን ብቻ ሳይሆን ያልተነካ መልኩን ነው። በአንድ ዓመት ከተቀረጹ ሁለት ሳንቲሞች አንዱ ከእጅ እጅ ዞሮ ቢያልቅ፣ ሌላው ከማተሚያው እንደወጣ ቢቆይ፣ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ታዲያ «እንደ አዲስ ነው» የሚለው ማን ነው? ቀድሞ ሻጩ ራሱ ነበር። ሲሸጥ «እንደ አዲስ» ያለውን፣ መልሶ ሲገዛ «ያረጀ» ይለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1949 ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር ስለ ቀደምት የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች መጽሐፍ ሲያሳትም ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ምንነቷ ብቻ የሚለይ ያለቀች ሳንቲም አንድ ዶላር ካወጣች፣ እንከን የሌላት እኅቷ 70 ዶላር ታወጣለች። ገበያው ሲለዋወጥ ስሌቱ ፈረሰ፤ ቁጥሩ ግን ቀረ። የሚያስገርመው ሌላ ነው። ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1977 ከሞተ በኋላ፣ ከአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ስብስብ የተሻሉትን እየወሰደ የራሱን ዝቅ ያሉ ሳንቲሞች ሲተካ እንደነበር ተደረሰበት። ሚዛኑ ቀና፣ ባለሚዛኑ ጠማማ!

ሚዛን ብቻውን አያስታርቅም፤ የሚይዘው ገለልተኛ እጅ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1986 ዴቪድ ሆልና የሙያ ባልንጀሮቹ ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. የተባለውን ድርጅት ሥራ አስጀመሩ፤ በዓመቱ ኤን.ጂ.ሲ. ተከተለ። ባለቤቱ ሳንቲሙን ከክፍያ ጋር ይልካል፤ መርማሪዎች በየግላቸው ያዩታል፤ ከዚያም ቁጥሩ ተጽፎለት በጠንካራ ፕላስቲክ ይታሸጋል። ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ወይም ከሚገባው በላይ ቁጥር ተሰጥቶት ቢሆን ድርጅቱ ዋስ ነው። ሰብሳቢው በዓይኑ ያላየውን ሳንቲም ከሩቅ አገር ተማምኖ መግዛት የቻለው ከዚህ ወዲህ ነው። ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

ዳሩ ግን ቁጥር የገባበት ገበያ ጠባዩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1884 በሳን ፍራንሲስኮ የተቀረጸውን የሞርጋን ዶላር ብንወስድ፣ በጊዜው 3,200,000 ያህል ወጥቷል። በሰው እጅ ዞሮ ያረጀው ዛሬ ከጥቂት መቶ ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ይገኛል። እንደ ተወለደ የቀረው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ 65 የተሰጠው ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ገበያ ላልዞሩ ሳንቲሞች ብቻ ከ60 እስከ 70 አሥራ አንድ ደረጃ አለ። በሁለት ተከታታይ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ ጉንጭ ላይ ያረፈች አንዲት ጭረት ናት፤ ለዚያች ጭረት ግን የመኪና፣ አልፎ አልፎም የቤት ዋጋ ይከፈልባታል።

በዚህ መንገድ ሳንቲም አክስዮን መሰለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የዎል ስትሪት ገንዘብ ወደ ገበያው ሲጎርፍ፣ ሳንቲም አገላብጦ የማያውቅ ሰው ቁጥር ገዛ። ዋጋው እ.ኤ.አ. በ1989 ጣራ ነክቶ በማግሥቱ ዓመት ተንኮታኮተ። ፕላስቲኩን ሰብረው ያንኑ ሳንቲም ደጋግመው የሚልኩም አሉ፤ ዛሬ 64 ያለው መርማሪ ነገ 65 ይል እንደሆነ ብለው ነው። ስለዚህ በየደረጃው ስንት ሳንቲም እንዳለ የሚነግረው የድርጅቶቹ መዝገብ አንዱን ሦስት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። ከኤን.ጂ.ሲ. መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆን አልባኒስ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲ.ኤ.ሲ. የተባለ ድርጅት ከፈተ፤ የታሸገውን ሳንቲም ዳግም መርምሮ ቁጥሩ የሚገባው ከሆነ አረንጓዴ ምልክት ይለጥፍበታል። ለዳኛው ዳኛ ተሾመለት ማለት ነው።

ይህን ሳነብ የእኛው የጥንት ገበያ ትዝ አለኝ። ጠገራ ብር ቁጥር አልነበረውም እንጂ ዳኛስ ነበረው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲቀረጽ ኖሯል። የአገራችን ነጋዴ ሲቀበለው የጌጧን ዕንቁ አንድ በአንድ ይመረምር፣ ያለቀውንና የተበሳውን ይመልስ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ክብደቱ ከጠገራ የማይለየውን፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን ብራቸውን በፓሪስ ሲያስቀርጹ እንኳ፣ ባላገሩ ለብዙ ዘመን የለመደውን አልለቀቀም። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ፤ ባላገሩ ብሩን የሚመረምረው ነገ ለሌላ ሊያቀብለው ነው፤ የዛሬው ሰብሳቢ ግን ዳግም እጅ እንዳይነካው ነው።

ወደ አያቴ ጠገራ ልመለስ። በድርጅቶቹ ደንብ የተበሳ ወይም ታሽቶ የጸዳ ሳንቲም ቁጥር አይሰጠውም፤ እውነተኛነቱ ብቻ ተመስክሮ፣ ጉድለቱ ተጽፎበት ይመለሳል። የጥንቱም ነጋዴ ቢሆን አይቀበለውም ነበር። ሁለቱ ዳኞች፣ በዘመንም በባሕርም ተለያይተው፣ አንድ ፍርድ ፈረዱበት። እኔም በመስኮቴ የተቀደደ ብር የምመልስ ነኝና ልወቅሳቸው አልችልም።

ብቻ አንድ ነገር አሰብሁ። ያ ጠገራ ባይበሳ ኖሮ በአንዱ ክፉ ዓመት ለጤፍ ወይም ለበሬ ይከፈል ነበር። ለእኔ ያቆየው እንከን የተባለው ቀዳዳ ነው። ለወዳጄም «ይቅር፣ አትውሰደው» አልሁት።

የፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ ግን እንደ አያቴ በአመድና በሎሚ ልሸው ወይስ የቀረችውን ጥቂት መልክ ልተውላት፣ እስካሁን አልቆረጥሁም።