ለፕራግ የተነፋው መለከት

ጥር 23 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1969) ከኒውዮርክ ግዛት ተጉዘው የመጡ የኢታካ ኮሌጅ ተማሪዎች በዋሽንግተን ከተማ መድረክ ላይ ተሰየሙ። ቫዮሊን የለም፤ ቼሎም የለም። ፍሉት፣ ክላርኔት፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ቱባ ይዘዋል፤ ከኋላቸው ከበሮና ደወል ተደርድሯል። አዳማጮቻቸው ለጉባኤ የተሰበሰቡ የሙዚቃ መምህራን ናቸው። በመሪው በኬኔት ስናፕ ምልክት ቲምፓኒው በዝግታ ተመታ፤ ከላዩም የአንዲት ፒኮሎ (ትንሽ ፍሉት) ድምፅ ብቻውን ተሰማ።

ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ሥራ «ሙዚቃ ለፕራግ 1968» ይባላል። ደራሲው ካሬል ሁሳ የፕራግ ተወላጅ ነው። ከተማዋ በሶቪየት ታንኮች ከተወረረች አምስት ወር አልፏል። ወረራውን በመቃወም በአደባባይ በራሱ ላይ እሳት የለቀቀው የ20 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያን ፓላኽ የተቀበረው ደግሞ ከኮንሰርቱ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። በፕራግ የጋዜጠኞችና የጸሐፊዎች አፍ እየተለጎመ ባለበት ሰዓት፣ የከተማዋ ጩኸት ከውቅያኖስ ማዶ በተማሪዎች ትንፋሽ ወጣ።

ከሰልፍ ሜዳ ወደ ኮንሰርት አዳራሽ

ይህ ሸክም በተማሪዎች ባንድ ትከሻ ላይ እንዴት ወደቀ? መልሱ ወደ ኋላ ይወስደናል። የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው በወታደር ሰልፍ፣ በበዓልና በመናፈሻ በሚነፋ ማርሽ ነው። በአሜሪካ የዚህ ወግ ታላቅ ሰው ጆን ፊሊፕ ሱሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 የራሱን ባንድ አቋቁሞ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ዞረ፤ በ1910 ጀምሮ በ1911 ባጠናቀቀው ጉዞ ደግሞ ዓለምን አካለለ። ራዲዮ፣ ሸክላና ፊልም ሲስፋፉ ግን እንዲህ ያሉት ተጓዥ ባንዶች ገበያቸው ቀዘቀዘ። ቦታቸውን የወሰዱት የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ባንዶች ናቸው።

ባንዱ በዛ፤ ለባንድ ተብሎ የተደረሰው ሙዚቃ ግን ጥቂት ነበር። አብዛኛው ለኦርኬስትራ ተጽፎ በኋላ ለትንፋሽ መሣሪያዎች የተገለበጠ ነው። ይህን ለመለወጥ ከተነሡት መካከል በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ፍሬድሪክ ፌኔል ቀዳሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኢስትማን ዊንድ አንሳምብልን መሠረተ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ለእያንዳንዱ የሙዚቃ መስመር አንድ ተጫዋች ብቻ። ቀድሞ ብዙ ክላርኔቶች አንዱን መስመር በኅብረት ይነፉ ነበርና ደካማው ከብርቱው ጀርባ መደበቅ ይችል ነበር። ፌኔል ይህን መደበቂያ ዘጋው። እያንዳንዱ ተማሪ ለራሱ ድምፅ ኃላፊ ሆነ።

ፌኔል በዚህ አላቆመም። ለመቶዎች የሙዚቃ ደራስያን ደብዳቤ ጽፎ ለአዲሱ ስብስብ አዲስ ሥራ እንዲያበረክቱ ጠየቀ። ሞዛርት ለ13 ተጫዋቾች የጻፈውን ሴሬናድ ከስትራቪንስኪ የትንፋሽ ሥራ ጋር በአንድ ወግ አስተሳሰረ። የጥንቱ ለአዲሱ ሥር፣ አዲሱም ለጥንቱ ምስክር እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። በሸክላ ያስቀረጻቸው ሥራዎች ከሮቸስተር አልፈው በየአገሩ ተሰሙ።

ጉዞውም አብሮ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1961 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲምፎኒ ባንድ በዊሊያም ሬቬሊ መሪነት፣ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ፣ ሶቪየት ኅብረትን ጨምሮ በምሥራቅ አውሮፓና በመካከለኛው ምሥራቅ ለወራት ተዘዋወረ። ሁለቱ ኃያላን በሚሳይል በሚፈራሩበት ዘመን ትሮምቦን የያዙ ወጣቶች ድንበር ተሻገሩ። እንግዲህ ካሬል ሁሳ ስለ ፕራግ ለመጻፍ በተቀመጠበት ጊዜ፣ አዲስና ከባድ ሥራ ተቀብሎ በየከተማው የሚያሰማ የተማሪ ባንድ ተፈጥሮ ነበር።

የስደተኛው ደራሲ

ሁሳ የተወለደው በፕራግ እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በመጀመሪያ የታሰበለት ሙያ ምህንድስና ነበር። ናዚዎች አገሩን ይዘው ከፍተኛ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጉ ያ መንገድ ተቋረጠና ወደ ፕራግ ኮንሰርቫቶሪ ገባ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፓሪስ ተጉዞ ከአርቱር ኦኔገርና ከናድያ ቡላንዤ ዘንድ ተማረ። በ1948 ኮሚኒስቶች የቼኮዝሎቫኪያን ሥልጣን ሲይዙ አልመለስም አለ፤ መንግሥትም ፓስፖርቱን ሰረዘበት። በ1954 ኢታካ ከተማ በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህርነት አገኘ፤ በ1959 የአሜሪካ ዜግነት ወሰደ። እዚያው ከተማ ያለው ኢታካ ኮሌጅም ከጊዜ በኋላ በመምህርነት ጋበዘው።

እ.ኤ.አ. በ1968 መጀመሪያ አሌክሳንደር ዱብቼክ የቼኮዝሎቫኪያ ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ሆነ። ሳንሱር ላላ፤ ጋዜጣው ተናገረ፤ ሕዝቡ ያን ወቅት የፕራግ ጸደይ አለው። ነሐሴ 14 ለ15 ቀን 1960 ዓ.ም. ሌሊት (እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 እና 21 ቀን 1968) ግን የሶቪየት ኅብረትና የዋርሶ ስምምነት አጋሮቿ ጦር ድንበሩን ጥሶ ገባ። ሁሳ ወሬውን በራዲዮ የሰማው በካዩጋ ሐይቅ ዳር በነበረው የበጋ ቤቱ ነው። የተወለደባት ከተማ ስትወረር በዕድሜው ለሁለተኛ ጊዜ ነበር፤ በመጀመሪያው ጊዜ ውስጧ ነበር፤ አሁን ግን እንዳይመለስ በሩ የተዘጋበት ሰው ነው። በእጁ የቀረው ሙያው ብቻ ነበርና ያን መኸር ወደ ሥራው ገባ። በኢታካ ኮሌጅ ትእዛዝ ለኮሌጁ ባንድ የሚሆነውን ሥራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጻፈ።

መዝሙር፣ ደወልና ወፍ

ሥራው ወደ 20 ደቂቃ የሚወስድ ሲሆን አራት ክፍሎች አሉት። መሠረቱ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የሁሳውያን (የያን ሁስ ተከታዮች) ተዋጊዎች መዝሙር ነው። የሃይማኖት ተሐድሶ ሰባኪው ያን ሁስ እ.ኤ.አ. በ1415 በኮንስታንስ ከተማ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ተከታዮቹ ለጦር ተነሡ፤ ሲዘምቱም ይህን መዝሙር ይዘምሩ ነበር። በ1431 የመስቀል ጦረኞች ዜማውን ከሩቅ ሰምተው ሳይዋጉ ሸሹ የሚል ትውፊትም አለ። ከዚያ ወዲህ ቼኮች በተጨቆኑ ቁጥር የሚያነሡት ዜማ ሆነ። የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ስሜታናም «አገሬ» በተሰኘው ታላቅ ሥራው በመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ተጠቅሞበታል።

በሁሳ ሥራ መዝሙሩ በመጀመሪያ የሚሰማው በቲምፓኒ ነው፤ ከሩቅ፣ በሹክሹክታ። ከእርሱ በላይ የምትዘምረው ፒኮሎ ወፍ ናት፤ ደራሲው የነጻነት ምልክት አድርጓታል፤ ፕራግ በሺህ ዓመት ታሪኳ ለአፍታ ብቻ ያየችው ነጻነት። ከዚያ ትራምፔቶች የጭንቅ ጥሪ ያሰማሉ። ፕራግ የመቶ ማማዎች ከተማ ትባላለችና በሥራው ሁሉ ደወል ይሰማል፤ የድረሱልኝም የድልም ደወል። በሁለተኛው ክፍል ሳክስፎኖች የመረረ እንጉርጉሮ ያዜማሉ። ሦስተኛው ለምት መሣሪያዎች ብቻ የተተወ ነው፤ መጨረሻው ላይ የወታደር ከበሮ ከሹክሹክታ ተነሥቶ እስከ ነጎድጓድ ያድግና ያለ ዕረፍት ወደ አራተኛው ክፍል ይገባል። በአራተኛው ባንዱ ሁሉ ይናወጣል፤ በመጨረሻም በትርምሱ መካከል መዝሙሩ በአንድ ድምፅ ተባብሮ ይነሣል።

ይሁንና መዝሙሩ በሥራው ውስጥ አንድም ቦታ ሙሉ ሆኖ አይሰማም። ሁሳ የተሟላ ድል አልጻፈም፤ በ1968 ድል አልነበረምና። የጻፈው ያልተሸነፈ ተስፋን ነው። ለዚህም ነው ሥራው ከወቅቱ ወሬ አልፎ የኖረው።

ደራሲው ሌላም ትእዛዝ አኑሯል። የሥራውን ትርጉም የሚገልጸው መግቢያ በእያንዳንዱ ኮንሰርት ፕሮግራም ላይ ሳይጎድል እንዲታተም፣ ካልሆነም ለታዳሚው እንዲነበብ ጠይቋል። ስለዚህ ተማሪዎቹ በሄዱበት ሁሉ ከድምፁ በፊት ታሪኩ ይቀድማል። በዋሽንግተን የሰሙት መምህራን ነበሩና ሥራው በዩኒቨርሲቲ ባንዶች ዘንድ ፈጥኖ ተዛመተ፤ በዓለም ዙሪያ ከ7000 ጊዜ በላይ እንደቀረበ ይነገራል። ሁሳ ራሱ ለኦርኬስትራ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1970 በሙኒክ ተሰማ። በፕራግ ግን ለሁለት ዐሥርት ዓመታት በይፋ መድረክ አልተሰማም። በ1989 መጨረሻ የኮሚኒስቱ አገዛዝ ወደቀ፤ በ1990 መጀመሪያ ሁሳ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ሥራውን በፕራግ መራ። ዕድሜው 68 ነበር። ያረፈው በ2016፣ በ95 ዓመቱ ነው።

የእኛ ትንፋሽ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። እኛም የትንፋሽ መሣሪያን ያወቅነው በመንግሥት ክብር ዙሪያ ነው። እምቢልታና መለከት የነገሥታት ጉዞ አጃቢዎች ነበሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ በስጦታ የመጡት ዘመናዊ መሣሪያዎች ማርሽን አስጀመሩ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች ደግሞ በኬቮርክ ናልባንዲያን ሥር የቤተ መንግሥቱን ባንድ አቆሙ፤ ናልባንዲያን የደረሰው ብሔራዊ መዝሙርም ለአርባ ዓመታት ያህል አገልግሏል። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ያፈሯቸው ነፊዎች ናቸው በኋላ የዘመናዊ ሙዚቃችንን ወርቃማ ድምፅ የሰጡት።

ጥሩ ነፊ አላጣንም። የጎደለን ለነፊዎቻችን ተብሎ የሚደረስ፣ በአዳራሽ ተቀምጠን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምናዳምጠው ረጅም ሥራ ነው። ሦስት እምቢልታዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ድምፅ ይዘው እየተቀባበሉ አንድ ዜማ የሚያወጡበት ጥበብ፣ ፌኔል ተማሪዎቹን ያስተማረውን ኃላፊነት ለእኛ ከጥንት ጀምሮ አስተምሮናል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ የፉከራና የሙሾ ወግ ለደራሲ የማይነጥፍ ምንጭ ነው። ፕራግ ከ500 ዓመት መዝሙሯ አዲስ ሥራ ካገኘች፣ እኛ ከዚያ የሚረዝም ወግ ይዘን የምናጣበት ምክንያት የለም።

በኢታካ ሥራውን ያስገኘው የአንድ ኮሌጅ ውሳኔ ነው። ኮሌጁ ደራሲውን ጻፍልን አለ፤ ተማሪዎቹን አስጠና፤ ወደ ሌላ ከተማ ወሰዳቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በየክልሉ ሙዚቃ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሠራዊቱና የፖሊስ ባንዶችም ይህን ማድረግ ይችላሉ። በየዓመቱ አንድ አዲስ ሥራ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ይዘዙ፤ ከነባሮቹ ዜማዎች ጋር አጣምረው ተማሪዎቻቸውን ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ድሬዳዋ ይላኩ። ለዚህ በጀት መያዝ ቅንጦት ሊባል አይገባም። ሕዝብ ያየውን መከራና የያዘውን ተስፋ የሚያኖርበት ዜማ ያስፈልገዋል፤ ያን ዜማ የሚጽፉትንና የሚነፉትን ወጣቶች ማብቃት ደግሞ የትምህርት ቤቶቻችን ግዴታ ነው።