ከለቡ እስከ መልካ አዋሽ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ መንገድ ነገር ነው። መነሻው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መድረሻው አዋሽ ወንዝ፣ ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዕድሜውን ስንደርስ እነግራችኋለሁ። መኪና ያለው ሰው ምንም ሳያይ ይጨርሰዋል። እኛ ግን በብስክሌት ነው የምንሄደው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ወቅቱን ከመስቀል በኋላ አድርጉት። ዝናቡ አብቅቷል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ብርዱም ገና ጥርሱን አላወጣም። ቅዳሜ ንጋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ለቡ። የፉሪ ተራራ በደቡብ በኩል ጋቢውን እንደተከናነበ ተቀምጧል። ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያልፋል፤ እግሩ ሥር ደግሞ የጅቡቲ ባቡር ማደሪያ፣ የፉሪ ለቡ ጣቢያ አለ። ከለቡ ወደ ጀሞ በሚወስደው ሰፊ አስፋልት ዳር ለብስክሌት ተብሎ የተለየ መስመር ታያላችሁ። አዲስ አበባ ለሁለት እግርና ለሁለት ጎማ ማሰብ የጀመረችው በቅርቡ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በእሑድ ቀን ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ ሕፃናት አስፋልት ላይ ብስክሌት ሲማሩ አይተናል። የጀሞው መስመርም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። በንጋት ባዶ ስለሆነ ደስ ብሎን እንነዳበታለን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ብትመጡ ግን ሚኒባስ ቆሞበት፣ ሽንኩርት ተሰጥቶበት ታገኙታላችሁ። እሱን ለጊዜው እንለፈው።

ጀሞ ላይ ከጓደኞቻችን የአንዱ ጎማ ተነፈሰ። ደግነቱ ጎሚስታው ገና በማለዳ ሱቁን ከፍቷል።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ይቺን ቢያዩልኝ?»

ሰውዬው መልስ ሳይሰጡ ብስክሌቷን ገለበጧት። የውስጡን ጎማ አውጥተው ነፉት፤ ከዚያ በቆርቆሮ ሳፋ ውስጥ ካለ ጥቁር ውሃ ነክረው ቀስ እያሉ አዞሩት። አንድ ቦታ ላይ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ጣታቸውን ጣል አድርገው፣ አድርቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ማስቲሽ ቀቡት። ማስቲሹ እስኪጠነክር እፍ፣ እፍ እያሉ ጠየቁ።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«መልካ አዋሽ ድረስ።»

«በዚህች?» አሉና ሳቁ። «እንግዲህ በርታ። ስትሄድ እሷ ትሸከምሃለች፣ ስትመለስ አንተ ትሸከማታለህ።»

የመንገዱን ጠባይ በዚህ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት፤ አዋሽ ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው የሚፈስሰው። ሲሄዱ ቁልቁለቱ ይበዛል፣ ሲመለሱ ዳገቱ ይጠብቃል። ጉልበቱን በጠዋት የጨረሰ ሰው ማታ ብስክሌቱን እየገፋ ይገባል።

ከጀሞ ኮንዶሚኒየሞች አልፈን ወደ ዓለም ገና ስናቀና ፉሪ በግራ፣ ወጨጫ በቀኝ ይሆናሉ። መሐሉ ለጥ ያለ ነው፤ ወሬ ለመጫወት ይመቻል። ስለዚህ አንድ ነገር ላንሳላችሁ። ኢትዮጵያ ኦሊምፒክን የጀመረችው በሩጫ ብቻ ይመስላችኋል? አይደለም። ኅዳር 1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ የላከቻቸው 12 ስፖርተኞች ሯጮችና ብስክሌተኞች ነበሩ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት ቀድሞ እነ ገረመው ደንቦባ ሜልቦርን ላይ ፔዳል ረግጠዋል፤ የጎዳናው ቡድናችንም ዘጠነኛ ወጥቶ ተመልሷል። ሩጫው ወርቅ ሲያመጣ ሕዝቡ ልቡን ለሩጫ ሰጠ፣ ብስክሌቱም ወደ ዳር ተገፋ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ስንቶቻችን ሰማን? ለእኔ ይሄ ያስቆጫል። ዳገትና ስስ አየር በነፃ የተሰጠው አገር ብስክሌትን የልጅ መጫወቻ አድርጎ ማስቀረት አልነበረበትም።

ዓለም ገና። እዚህ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ሰበታን አቋርጦ ወደ ጅማ፣ አንዱ ወደ ቡታጅራ። የእኛ የቡታጅራው ነው። ከከተማዋ እንደወጣችሁ ጥቁር አፈሩ ይጀምራል፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ በየማሳው ዳር ባሕር ዛፍ። መንገዱ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይወርዳል። ዳገቱ ሲታያችሁ ማርሹን ቀድማችሁ ቀንሱ፤ ከጀመራችሁት በኋላ ብትቀንሱ ካቴናው ይንገጫገጫል፣ ወይም ጨርሶ ይወልቃል። ከኋላ አይሱዙ ሲያጓራ ግን ለማርሽም ለክብርም አትጨነቁ፤ ጠርዝ ያዙ። ሾፌሩ ጥሩምባ የሚነፋው ሰላም ሊላችሁም ሊሆን ይችላል፣ ውረዱ ሊላችሁም ይሆናል። ሁለቱም ድምፁ አንድ ነው።

ልጆቹ ደግሞ አሉ። ከብት ጠባቂዎቹ በማሳው ቆርጠው ይመጡና ዳገቱ ላይ ጎን ለጎን ይሮጣሉ። «ጃባዹ! ጃባዹ!» በርታ ማለታቸው ነው። ዳገት ላይ ብስክሌት ከሯጭ ልጅ አይፈጥንም፤ ይህን እነሱም ያውቃሉ። ጫፍ ላይ ቀድመው ደርሰው ይስቁባችኋል።

እንዲህ እያልን የመጨረሻውን ቁልቁለት ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረግን ስንወርድ ድልድዩ ይመጣል፤ መልካ አዋሽ። ጊንጪ አካባቢ የሚነሣው አዋሽ እዚህ ገና ጎረምሳ ነው። ከምንጩ እስከ መጨረሻው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ፣ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። አንድ ነገር ልብ በሉ። በመካኒሳና በላፍቶ አድርጎ የሚወርደው የእኛው ትንሹ አቃቂ፣ የፋብሪካውንና የመጸዳጃውን ሁሉ ተሸክሞ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ከዚያም አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀላል። የሚቀላቀለው ግን ከዚህ ድልድይ በታች ነው። መልካ ላይ የምታዩት አዋሽ የእኛን እድፍ ገና አልቀመሰም። ጫማችሁን አውልቁና እግራችሁን ንከሩ፤ ላፍቶ ድልድይ ሥር ይህን የሚሞክር የለም።

አሁን የመንገዱን ዕድሜ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ በዚህ ዳርቻ ሲዘዋወር የተጠረበ ድንጋይ አየ። የውሃ ነገር ሊያጠና የመጣ ሰው፣ የሰው ልጅን ነገር አገኘ። ከዚያ ዣን ሻቫዮን የሚመራው የፈረንሳይ ቡድን፣ በኋላም ጣሊያኖች ተተክተው ለአሥርተ ዓመታት ቆፈሩ። መልካ ቁንጡሬ ይሉታል ስፍራውን። የወጣው ነገር ሁለት ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል። የሕፃን መንጋጋ አለ፤ ከጥቁር ባልጩት የተሠራ መጥረቢያም አለ። ባልጩቱ ከቅርቡ ከባልጪት የሚወጣ ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው እንደ ጠርሙስ የሚያበራ ድንጋይ። የአካባቢው ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

እኔን የገረመኝ ግን መንጋጋውም መጥረቢያውም አይደለም፤ ዱካው ነው። ጎምቦሬ በተባለው የቁፋሮ ቦታ የዛሬ 700,000 ዓመት ገደማ የነበረ የኩሬ ዳር ጭቃ ደርቆ ቀርቷል። ጉማሬው ረግጦታል፣ ሌላውም አውሬ ረግጦታል፤ በመሐል የሰው እግር አለ። የአዋቂ አለ፣ የልጅ አለ፤ የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳይቀር አለበት። አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲጠርቡ፣ ሥጋ ሲበልቱ ልጆቹ እዚያው ነበሩ። ቅድም ዳገቱ ላይ የቀደሙንን አስቡና ይህን አስቡ።

ጉልበት የተረፈው ይቀጥል። ከዋናው መንገድ ገንጠል ብሎ አዳዲ ማርያም አለች፤ ወደ መሬት የተፈለፈለች ውቅር ቤተ ክርስቲያን፣ ትውፊቱ ከላሊበላ ዘመን ያደርሳታል። ወደ ፊት ወደ ሶዶ ቢነዱ ደግሞ ጢያ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች እዚያ ቆመዋል፤ 32ቱ ሰይፍና ሌላ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ጢያ ድረስ የሄደ ሰው ግን በዚያው ቀን ለቡ እመለሳለሁ ብሎ አይመን፤ ቡታጅራ ይደር።

የሩቅ አገር ጋላቢዎች የሚያወሩት ስለ ዓባይ በረሃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚጓዙት በብዙዎቹ ዓመታት ደጀን ላይ ቁልቁል ተወርውረው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት እየማሰኑ ጎሃ ጽዮን ወጥተዋል። ክብሩ የታወቀ ነው። ይሁንና ዓባይ ጉልበት ይፈትናል እንጂ በቀን ሄዶ ለመመለስ አይሆንም። ለላፍቶ ልጅ አዋሽ ይበልጥበታል፤ ጠዋት ወጥቶ፣ ሁለት ሚሊዮን ዓመት አይቶ፣ ማታ ከቤቱ እራት ይደርሳል።

መመለሻው እንደ ጎሚስታው ቃል ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱም ይነሣል፣ ዳገቱም ይረዝማል። ስለዚህ ከድልድዩ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተነሡ። ሁለት ሊትር ውሃ፣ ፖምፓ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ ያዙ። ከመውጣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም በዚያው ሰሞን ያለፈበትን ሾፌር ጠይቁ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ። ለከተማችን መሪዎች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ፤ ከለቡ እስከ ጀሞ የተዘረጋውን የብስክሌት መስመር መጀመሪያ ከሚኒባስና ከሽንኩርት አስለቅቁልን፣ ከዚያ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተነጋግራችሁ እስከ ዓለም ገና ቀጥሉልን።