ፊደል ያጸናቸው የተራራ አብያተ ክርስቲያናት

በታሪክ ክፍል ስለ ሃይማኖት ተሐድሶ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የከተሞችንና የሊቃውንትን ስም ነው። ዊተንበርግ፣ ዙሪክና ጄኔቭ ይጠቀሳሉ፤ ሉተር፣ ዝዊንግሊና ካልቪን ይነሣሉ። እኔ ግን የገበሬ ልጅ ስለ ሆንሁ ይህን በተማርሁ ቁጥር «በዚያን ጊዜ አራሹና ፍየል ጠባቂው ምን ያደርግ ነበር?» እያልሁ እጠይቅ ነበር። መልሱን ያገኘሁት በሰሜን ምዕራብ ኢጣልያ፣ በአልፕ ተራሮች ውስጥ በሚኖሩት በዋልዴንሳውያን ታሪክ ነው። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን መታሰቢያ መጽሐፍ ላይ ስለ እነርሱ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስተውሉ እለምናለሁ።

አገራቸው ከቶሪኖ ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በፈረንሳይ ወሰን አጠገብ የሚገኙ ሦስት ሸለቆዎች ናቸው፤ ስማቸውም ፔሊቼ፣ ኪዞኔና ጀርማናስካ ይባላል። ሸለቆው ከታች ሰፊና ለም ነው፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እየጠበበ ይሄድና ከገደል ሥር ያበቃል። በታችኛው ክፍል ያለው ሰው ወይን ይተክላል፣ ካስታኛ የሚባለውንም የዛፍ ፍሬ ይለቅማል። የላይኛው ደግሞ ፍየልና ላም ያረባል፤ በድንጋይ እርከን በተደገፈች ጠባብ መሬትም እህልና ድንች ያበቅላል። ከላይኞቹ መንደሮች አንዱ ፕራሊ ከባሕር ወለል ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ ነው። በብርዱ ወራት በረዶ ስለሚከምርበት መንገዱ እጅግ አስቸጋሪ ይሆን ነበር።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ የሚጀምረው ከሉተር 350 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር፣ በሊዮን ከተማ፣ ዋልዶ የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ ነበረ። ይህ ሰው ሀብቱን ለድሆች አከፋፍሎ፣ ወንጌልን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ አስተርጉሞ መስበክ ጀመረ። ተከታዮቹም ሳይፈቀድላቸው ስለ ሰበኩ በ1184 በቬሮና ከተማ በተደረገው ጉባኤ ተወገዙ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ተበተኑ፤ ከፊሎቹም ወደ አልፕ ሸለቆዎች ገብተው መሬት ማረስ ጀመሩ።

በዚያ ዘመን የታወቀ ቤተ ክርስቲያን አልነበራቸውም። በግልጽ ከሌላው ሰው ጋር ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፤ ማታ ግን በየቤታቸው ተሰብስበው የራሳቸውን ሰባኪ ይሰማሉ። ሰባኪያቸው «ባርባ» ይባላል፤ በአገሩ ቋንቋ አጎት ማለት ነው። ባርባዎች የሚጓዙት ሁለት ሁለት ሆነው ሲሆን አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ ወጣት ነበር። እንዳይታወቁም የነጋዴ ወይም የእጅ ሠራተኛ ሥራ ይይዙ ነበር። ወጣቱ በእግሩ እየተጓዘ እንደ እኛ አገር የቆሎ ተማሪ ወንጌሉን በቃሉ ያጠናል። እኛ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። በእነዚያ ሸለቆዎች ግን የተጻፈው ከተያዘ ስለሚቃጠል፣ ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ብዙውን ጊዜ በቃል ያለውን ነበር።

ይህ ስውር ኑሮ የተለወጠው በ1532 በመስከረም ወር ነው። በአንግሮኛ ሸለቆ፣ ሻንፎራን በሚባል መስክ ላይ ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። ከስዊስ አገር ፋሬል የሚባለው የተሐድሶ ሰባኪ መጥቶ ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ ከተከራከሩ በኋላ ከተሐድሶው ጋር ለመተባበርና እምነታቸውን በግልጽ ለማሳየት ወሰኑ። አንዳንድ ሽማግሌዎች የአባቶቻችን ሥርዓት ይቀራል በማለት ተቃውመው ነበር። በእኔ አሳብ ፍርሃታቸው በከንቱ አልነበረም፤ የተሸሸገ ሰው አንድ ጊዜ ከወጣ መመለሻ የለውምና።

በዚያው ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ በፈረንሳይኛ እንዲታተም ወሰኑ፤ ለሕትመቱም ገንዘብ አዋጡ። የተረጐመው የካልቪን ዘመድ የሆነው ኦሊቬታን ሲሆን፣ መጽሐፉ በስዊስ አገር በኔሻቴል አጠገብ በ1535 ታተመ። ከዕብራይስጥና ከግሪክ ቋንቋ የተተረጐመ፣ ለፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች የመጀመሪያቸው የሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ነው። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልብ ብለህ ተመልከት። ለታላቂቱ ፈረንሳይ መጽሐፍ ያሳተሙት የራሳቸው መንገድ እንኳ የሌላቸው የተራራ ገበሬዎች ነበሩ።

በ1555 በአንግሮኛ የመጀመሪያዎቹን አብያተ ክርስቲያናት በግልጽ ሠሩ። እነዚህም ግድግዳቸው ድንጋይ፣ መቀመጫቸው የእንጨት አግዳሚ፣ ውስጣቸው ሥዕል የሌለበት፣ ከፊት ለፊት የሰባኪው ሰገነትና መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ የሚታይባቸው ቤቶች ነበሩ። የሳቮያው መስፍን ኤማኑኤል ፊልበርት ይህን ሰምቶ ጦር ላከ፤ ዳሩ ግን በገደሉ ላይ ሊያሸንፋቸው አልቻለም። ስለዚህ በሰኔ ወር 1561 በካቩር ከተማ ውል ተደረገ። በውሉም በተወሰኑ የተራራ ቀበሌዎች ብቻ እንዲያመልኩ ፈቀደላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራራው ሁለት ነገር ሆነ፤ መጠጊያም ነበር፣ ወህኒም ነበር።

በ1630 ወረርሽኝ ገብቶ ከሰባኪዎቻቸው አብዛኞቹን ጨረሰ። በምትካቸው ከጄኔቭ የመጡት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስለ ሆኑ የቤተ ክርስቲያኑ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። የተራራው ልጅ በቤቱ የአገሩን ቋንቋ፣ በቤተ ክርስቲያን ፈረንሳይኛ፣ ከመንግሥት ሹም ፊት ደግሞ ኢጣልያንኛ መስማት ግድ ሆነበት። በሁለትና በሦስት ቋንቋ የምንማር ተማሪዎች ይህ ምን ያህል እንደሚያደክም እናውቃለን።

ከዚህ የባሰ መከራ በ1655 በሚያዝያ ወር መጣ። የፒያኔሳ ማርኬዝ ያዘመተው ጦር በየገበሬው ቤት እንግዳ ሆኖ ገባ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም በገዛ አስተናጋጆቹ ላይ ሰይፍ መዘዘ። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ሳይለይ አያሌ ሰው ተገደለ፤ ቤቶች ተቃጠሉ። የሮራ መንደር ገበሬ የነበረው ጃናቬል ጥቂት ሰዎች ይዞ በጫካ ተዋጋ። ወሬው በአውሮፓ በተሰማ ጊዜ የእንግሊዝ አገር ገዥ ክሮምዌል መልእክተኛ ልኮ ተቃወመ፤ ለተጎዱትም ገንዘብ አሰባሰበ። የእርሱ ጸሐፊ የነበረው ባለ ቅኔው ሚልተን ስለዚሁ ግፍ ግጥም ጽፏል።

የመጨረሻው ፈተና የመጣው ከፈረንሳይ ነው። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 በአገሩ ለፕሮቴስታንቶች ተሰጥቶ የነበረውን ነፃነት ሻረ፤ የሳቮያውንም መስፍን እንዲሁ እንዲያደርግ አስገደደው። በጥር ወር 1686 በወጣው አዋጅ የዋልዴንሳውያን አምልኮ ተከለከለ፤ አብያተ ክርስቲያናታቸውም እንዲፈርሱ ታዘዘ። እምቢ ባሉም ጊዜ ከ8,000 በላይ ሰው ታስሮ በየምሽጉ ተጣለ፤ ብዙ ሕፃናትም ከወላጆቻቸው ተነጥቀው ለሌላ ቤተ ሰብ ተሰጡ። በእስር ቤት ከሞት የተረፉት በ1687 በብርዱ ወራት በረዶውን ተሻግረው ወደ ስዊስ አገር ተሰደዱ። ሸለቆዎቹ ባዶ ቀሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ ወር 1689፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ ወንዶች በጄኔቭ ሐይቅ ዳር በሌሊት ተሰብስበው፣ በታንኳ ተሻግረው ወደ አገራቸው ጉዞ ጀመሩ። ከመሪዎቻቸው ዋናው ሄንሪ አርኖ የሚባል ሰባኪ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል በተራራ ላይ እየተዋጉ ተጉዘው ፕራሊ ደረሱ። በዚያም ሳይፈርስ በቆየው ቤተ ክርስቲያናቸው የመጀመሪያውን ጸሎት አደረጉ። ክረምቱን በባልሲሊያ ገደል ላይ ተከበው ከርመው፣ በግንቦት 1690 በጉም ተሸፍነው አመለጡ። ወዲያው መስፍኑ ከፈረንሳይ ንጉሥ ጋር ተጣልቶ ከጠላቶቹ ጋር ስለ ተባበረ ታረቃቸው፤ ወደ ቤታቸውም እንዲገቡ ፈቀደ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ይህ ጉዞ «የክብር መመለስ» እየተባለ ይመሰገናል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ምርኮኞችን ገድለዋል። ያዳናቸውም ጀግንነት ብቻ አይደለም፤ የነገሥታት ጠብ ጭምር ነው። የአባቶችን ድፍረት ማድነቅ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ቤተ ክርስቲያኖቹ እስከ ዛሬ የቆሙት በጠመንጃ ነው ብዬ ለማለት አልደፍርም። ጠመንጃው ወደ አገራቸው መለሳቸው። ከዚያ በኋላ በመጣው ረጅም ዘመን ያጸናቸው ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ በተራራው ውስጥ ታጥረው ኖሩ። ከወሰናቸው ውጭ መሬት መግዛት፣ የመንግሥት ሹመት መያዝ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መመረቅ ተከለከሉ። ድህነትም በረታባቸው። ልጆቻቸውን ግን ማስተማር አልተዉም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ለሁሉም ግዴታ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። ሰባኪው በሌለበት ቀን በቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን የሚያነብና መዝሙሩን የሚመራ የመንደሩ አስተማሪ ነበር። ሆኖም ትምህርቱ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ለሙቀት ሲባል ከብት በሚታሰርበት ቤት ውስጥ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት ቤክዊዝ የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኰንን መጣ። በ1815 በዋተርሎ ጦርነት አንድ እግሩን አጥቷል። አንድ ቀን በዌሊንግተን መስፍን ቤት ቆሞ ሲጠብቅ ከመጻሕፍቱ መካከል አንዱን አነሣ፤ ስለ ዋልዴንሳውያን የተጻፈ ሆኖ አገኘው። በ1827 አገራቸውን ሊያይ ሄደ፤ ከዚያም ፍቅራቸው ስለ ያዘው በ1862 እስኪሞት ድረስ አልተለያቸውም። በእርሱ ርዳታ በየመንደሩ ከ100 በላይ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ ወይም ታደሱ፤ ለሴቶች ልጆችም ትምህርት ቤት ቆመ። በበጋ ሁሉም ከብት ስለሚጠብቅ ትምህርቱ የሚሰጠው በብርዱ ወራት ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ጠዋት ሲመጣ ለምድጃው የሚሆን አንድ ፍልጥ እንጨት ይዞ ይመጣል። አንድ እግር ያለው ሰው ያን ሁሉ አቀበት እየወጣ የሕፃናት ትምህርት ቤት ሲጎበኝ ባሰብሁ ጊዜ፣ ደወል ሲደወል እያዘገምሁ በመምጣቴ አፈርሁ።

በየካቲት 17 ቀን 1848 ንጉሥ ካርሎ አልቤርቶ እንደ ሌላው ዜጋ መብት እንዲኖራቸው፣ ዩኒቨርሲቲም እንዲገቡ የሚፈቅድ ደብዳቤ አወጣ። ስለ አምልኮታቸው ግን ደብዳቤው ምንም አዲስ ነገር አልጨመረም። ሆኖም በ1853 በቶሪኖ ከተማ ቤተ ክርስቲያናቸው ተመረቀ። የነፃነታቸውንም በዓል እስከ ዛሬ ድረስ በዋዜማው ማታ በየኮረብታው እሳት በማንደድ ያከብሩታል፤ እኛ በመስቀል ዋዜማ ደመራ እንደምናበራ ማለት ነው።

አጥሩ ሲከፈት ሌላ ፈተና መጣ። ጠባቡ መሬት ለበዛው ሕዝብ ስላልበቃ ብዙዎች ተሰደዱ። በ1858 በኡሩጓይ፣ በ1893 በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና አዲስ መንደር ቆረቆሩ። በሄዱበትም ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ሠሩ። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ወጣቱ ወደ ፋብሪካ ስለ ወረደ ከላይኞቹ መንደሮች ብዙዎቹ ጭር አሉ። ቢሆንም ተራራው ፈጽሞ አልተረሳም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1947 እስከ 1951፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ወጣቶች፣ ትናንት ጠላት የነበሩት ሳይቀሩ፣ በፕራሊ ድንጋይ ተሸክመው አጋፔ የተባለውን የወንድማማችነት መሰብሰቢያ ሠሩ። በሰኔ ወር 2015 ደግሞ የሮማው ፓፓ ፍራንቸስኮ በቶሪኖ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናቸው ሄደው ስላለፈው ግፍ ይቅርታ ጠየቁ። ሰይፍ የተመዘዘባቸው ሰዎች ልጆች ይህን ለመስማት 360 ዓመት ጠብቀዋል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። አራሹና ፍየል ጠባቂው በተሐድሶ ዘመን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ያነብ ነበር። ተራራው ለጊዜው ሸሸገው፤ ጦርነቱ ለጊዜው ታደገው። ቤተ ክርስቲያኑ በፈረሰ ጊዜ ግን ያልፈረሰው በልጁ ልብ ውስጥ የገባው ፊደል ነው። ድንጋዩን ጠላት ያፈርሰዋል፤ መጽሐፉንም ያቃጥለዋል። ማንበብ የለመደውን ሰው ግን መልሶ መሃይም ሊያደርገው አይችልም።

እኛ ዘንድሮ ይህን ትምህርት ቤት ጨርሰን የምንወጣ ተማሪዎች አብዛኞቻችን የመጣነው ከገጠር ነው። ወላጆቻችን ወደዚህ ሲልኩን ከእርሻቸው አንድ ሠራተኛ አጉድለው ነው። ወደ ከተማ ሄደን በዚያው እንቅር ወይስ ፊደሉን ይዘን እንመለስ የሚለውን እያንዳንዳችን ማሰብ አለብን። የዚያ ተራራ ልጆች ለክፍላቸው እሳት አንድ አንድ ፍልጥ እንጨት ይዘው ይመጡ ነበር። እኛም ወደየመንደራችን ስንመለስ የየድርሻችንን ፍልጥ ይዘን እንሂድ።