ከግሸን ጉዞ በፊት፦ የቮልስን የኋላ ቦኮላ በቤት መቀየር

የግሸን ማርያም ክብረ በዓል፣ መስከረም 21፣ ሲቃረብ ብዙ ባለመኪና ፍሬኑንና ጎማውን ያስፈትሻል። የኋላ ቦኮላን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለውን 401 ኪሎ ሜትርና ከዚያ ወዲያ ያለውን የአምባሰልን ዳገት ሰው ጭኖ በአሮጌ ቮልስ ለሚጓዝ፣ በኩርባ ላይ የመኪናውን ጭራ አደብ የሚያስገዛው ይኸው ላስቲክ ነው።

ቮልስ በኋላ ባሌስትራ የለውም። ክብደቱን የሚሸከመው በወለሉ ሥር ባለው አግድም ቱቦ ውስጥ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ (ቶርሽን ባር) ነው። ከዘንጉ ጫፍ አንድ ጠፍጣፋ ክንድ ወደ አክስሉ ይዘረጋል፤ ክንዱን ከውስጥና ከውጭ አቅፈው የሚይዙት ሁለት የላስቲክ ቦኮላዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 የተሠራው የስፖርት መኪና፣ ፖርሽ 356፣ የኋላ አሠራሩን የወረሰው ከዚሁ ከቮልስ ነው። (ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር።)

ጉድጓድ ላይ ከኋላ "ጓ" የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ በኩርባ ጭራው ከዋለለ፣ በክዳኑ ዙሪያ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ላስቲክ ከታየ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል።

ሥራው በግቢ ውስጥ ይቻላል፤ ሆኖም ለክሪክ ብቻ የሚታመን መኪና ሥር መግባት አይገባም። የፊት ጎማዎች ታኮ ይደረግላቸው፣ ቱቦው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይረፍ። ጎማው ከወጣ በኋላ፣ ምንም ቡሎን ሳይፈታ፣ ክንዱ ከአክስሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በስካርፔሎ ምልክት ይደረግበት። ይህ ከተዘነጋ የጎማው አቅጣጫ ይዛባል።

አደጋው የሚመጣው አክስሉ ከክንዱ ተላቆ የክዳኑ አራት ቡሎኖች ሲፈቱ ነው። ክንዱ በቱቦው ላይ ባለ ማረፊያ ተደግፎ የዘንጉን ኃይል እንደያዘ ነው፤ ከማረፊያው ሲለቀቅ እጅ ሊሰብር በሚችል ጉልበት ወደ ታች ይወረወራል። ስለዚህ ክሪክ ከሥሩ ገብቶ፣ ክሪኩና መኪናው በሰንሰለት ታስረው፣ በዝግታ ይውረድ። ሰንሰለቱ በመልሱም ጊዜ ያስፈልጋል፤ ቮልስ ቀላል በመሆኑ ክሪኩ ክንዱን በማንሳት ፈንታ መኪናውን ራሱን ያነሳዋል።

ክንዱ ያለ ጭነት ሲንጠለጠል ያለው አንግል በውኃ ልክ ተለክቶ ይጻፍ፤ ክንዱና የዘንጉ ጫፍም አብረው ምልክት ይደረግባቸው። ዘንጉ በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርሶች አሉት። ከውጭ በኩል አንድ ጥርስ መሳት ክንዱን 8 ዲግሪ ያህል ያዛባል፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ዘንጉን ከቦታው መንቀል አያስፈልግም፤ ክንዱ ብቻ ይውጣ።

አዲሱ ላስቲክ ግራሶ አይቀባ፤ ዘይት ያሳብጠዋል። የሕፃናት ታልክ ይበቃዋል። የውስጡና የውጩ እንዳይቀያየሩ፤ በአንዳንዱ ላይ የተጻፈው "ኦበን" የሚለው የጀርመንኛ ቃል "ላይ" ማለት ነው። አዲስ ላስቲክ ወፍራም ስለሆነ ክዳኑ ወዲያው አይገጥምም፤ መጀመሪያ ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ገብተው ይሳቡት፣ ከዚያ በዋናዎቹ ይተኩ።

ግራና ቀኙ አንድ ላይ መቀየር አለበት። የጎማው አቅጣጫ በጋራዥ ተለክቶ፣ ጥቂት ቀን በከተማ ውስጥ ተነድቶ ቡሎኖቹ እንደገና ከጠበቁ በኋላ ወደ ጣርማ በር መውጣት ይቻላል።