ሉሉና የኮንዶሚኒየሙ ቡችላ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ የዛሬው ታሪክ ስለ ውሻ ነው።

አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቡችላ አሳድጋለሁ። ሳሎን ይሸናል፣ ሌሊት ይጮኻል። ትናንት ጎረቤቴ «መምህር፣ ኧረ እንተኛበት!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ ነበራቸው። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ካፑቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሉሉ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና በጨርቅ የሚጠርግ አገልጋይ ነበር ይላል። ተራኪዎቹን የጠቀሰው በስማቸው ሳይሆን በፊደል ብቻ ነው፤ የታሪክ ምሁሩ ሃሮልድ ማርከስም መጽሐፉን አጥብቆ ተችቷል። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ጥሩ ወሬ ሁሉ ማስረጃ አይደለም። እውነት ቢሆንም ደግሞ ቤተ መንግሥት ጠራጊ አለው፤ እኔ የለኝም!

እኛ ባደግንበት ቤት ውሻ የግቢ ዘበኛ ነበር። እንጀራውን የሚበላው ስለጮኸ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ኮንዶሚኒየም ሲስፋፋ ግን የየራሳችን ግቢ ቀረ፤ ያ ጩኸትም ጥፋት ሆነ።

ስለዚህ ቡችላዬን መምታት ትቻለሁ። ሲነቃና በልቶ ሲጨርስ ወዲያው ወደ ታች አወርደዋለሁ፤ ውጭ ሲሸና «ጎበዝ!» እለዋለሁ። ጎረቤቴንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ቤቱን የቀየርነው እኛ ነን፤ እሱ ምኑን ያውቃል?